ከአስፋልት በታች ያለው ወረፋ

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ፣ የማንሆል ክዳን ከሥሩ በሚገፋው ፍሳሽ ሲንኳኳ የሰማ ሰው ድምፁን አይረሳውም። ብዙም ሳይቆይ ጥቁር ውሃ በክዳኑ ጠርዝ ይገነፍላል። ባለሱቁ ደጁ ላይ አፈር ይደፋል፣ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጠራሉ፣ አንዱ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ይደውላል። ያኔ ግን ዋናው ጥያቄ አልፏል። ጥያቄው ከወራት በፊት መነሳት ነበረበት፤ በከተማው ሥር ከተቀበረው ቱቦ ሁሉ የትኛው ቀድሞ ይጠገን?

ለረጅም ዘመን ለዚህ መልስ የሚሰጡት የፎርማኑ ጭንቅላትና ስልኩ ነበሩ። ፎርማኑ የትኛው መስመር በየስንት ጊዜው እንደሚዘጋ በቃሉ ያውቃል፤ ጡረታ ሲወጣ ግን እውቀቱም አብሮት ይወጣል። ስልኩም ቢሆን ፍትሐዊ ዳኛ አይደለም። ደጋግሞ የሚደውል ሰፈር አለ፤ ሽታውን ለምዶት፣ መደወሉም ሰልችቶት ዝም ያለ ሰፈርም አለ። ወረፋው በስልክ ብቻ ከተያዘ ዝም ያለው ሰፈር ሁልጊዜ መጨረሻ ይሆናል።

በአሜሪካ ቴክሳስ ያለችው ሳን አንቶኒዮ የዚህን ሥራ ክብደት በሚገባ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ውስጥ 2,200 ጊዜ ያህል ፍሳሽ ከመስመሯ ገንፍሎ፣ 23 ሚሊዮን ጋሎን ወይም 87 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ያልተጣራ ቆሻሻ ወደ ወንዞቿ ገብቷል። በ2013 የከተማዋ የውሃ ድርጅት ለማሻሻያ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ከፌዴራል መንግሥት ጋር ተስማማ። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ግን ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነን መስመር ሁሉ ቆፍሮ መለወጥ የማይታሰብ ነው። መምረጥ ግድ ይላል።

ለመምረጥ የሚያግዘው የካርታ ሶፍትዌር ጂአይኤስ ይባላል። ስልካችን ላይ ካለው ካርታ የሚለየው፣ ከማንሆል እስከ ማንሆል ያለው እያንዳንዱ ቱቦ የራሱ ማኅደር ስላለው ነው። መስመሩን ሲነኩት መቼ እንደተቀበረ፣ ሸክላ ይሁን ኮንክሪት ወይም ፕላስቲክ፣ ስፋቱን፣ ጥልቀቱን፣ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ ይናገራል። በላዩ ላይ ሌላ መረጃ እንደ ነጠላ ይደረባል፤ ትልልቅ ዛፎች የት እንዳሉ፣ ቅባት የሚደፉ ምግብ ቤቶች የት እንደበዙ፣ አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ። ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ብዙ ቦታ ያለው ሸክላማ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቱቦውንም አብሮ ያነቃንቀዋል።

የቱቦውን ሆድ ለማየት በጎማ የሚሄድ ካሜራ ይገባል። ከመገጣጠሚያው ላይ ፀጉር አክሎ የገባ የዛፍ ሥር፣ ውስጥ እርጥበትና ምግብ አግኝቶ እንደ ጎፈሬ ተንጨባሮ ይታያል፤ ያለፈውን ጨርቅ ሁሉ ያጠምዳል፣ ቅባቱም ይረጋበታል። ኮንክሪት ከሆነ ጉዳቱ ሌላ ነው። ከፍሳሹ የሚወጣውን፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ፍሳሽ የማይነካውን ጣሪያ ይበላል። ሰው ቱቦ ከሥሩ የሚያልቅ ይመስለዋል፤ ይህኛው ከላይ ነው የሚያልቀው። አንድ ቀን አስፋልቱን ይዞ ይደረመሳል። ካሜራውን የሚከታተለው ባለሙያ ለጉዳቱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ 5 ለመውደቅ የተቃረበው ነው።

ወረፋውን ግን ይህ ነጥብ ብቻውን አይወስነውም። ቢፈነዳ ማን ይጎዳል የሚለውም ይጠየቃል፤ እኔ የካርታው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው እላለሁ። የሳን አንቶኒዮ ዋነኛ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ኤድዋርድስ የሚባለው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ይህን ውሃ የሚሞላው ዝናብ በተሰነጣጠቀ የኖራ ድንጋይ በኩል፣ አፈር በደንብ ሳያጣራው ቁልቁል ይሰርጋል። እዚያ ላይ የተቀበረ የፍሳሽ ቱቦ ቢያፈስ መድረሻው የመጠጥ ውሃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም የቴክሳስ ደንብ በዚያ አካባቢ ያለ የፍሳሽ መስመር በየ5 ዓመቱ እንዲፈተሽ ያዛል።

በቀላል ስሌት እንየው። ሦስት ቤት ብቻ የሚጠቀምበት የመንደር ጫፍ ቱቦ 5 ነጥብ ቢያገኝ፣ መዘዙ ግን 1 ቢሆን፣ ሁለቱ ሲባዙ 5 ይሆናል። ውሃው በሚሰርግበት ቦታ ላይ ያለው ቱቦ ጉዳቱ 3፣ መዘዙ 5 ቢሆን 15 ይመጣል። በዓይን ሲታይ የተሻለ የሚመስለው ሁለተኛው ቀድሞ ይጠገናል። ካርታው ላይ ቀይ ሆኖ የሚበራው እሱ ነው።

የቱቦ ጠረጋውም እንዲሁ በመረጃ ሊመራ ይችላል። ሳን አንቶኒዮ ቶሎ ቶሎ ከሚጠረጉ መስመሮቿ 10 ቦታዎችን መርጣ፣ ከማንሆሉ ክዳን ሥር የፍሳሹን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ገጠመች። መሣሪያው ከፍታው መጨመሩን ሲናገር ብቻ ሠራተኛ ሲላክ፣ የእነዚያ ቦታዎች ጠረጋ ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። አብዛኛው ጠረጋ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ ይደረግ የነበረ ነው ማለት ነው። የተረፈው መኪናና ሠራተኛ በእርግጥ ወደሚያስፈልገው ቦታ ይሄዳል።

ይህን አሠራር ለአዲስ አበባ ስመኝ ቀድሞ የሚታየኝ አድራሻችን ነው። «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» የሚለውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሶፍትዌር ግን አያውቀውም። ስለዚህ ሥራው ከኮምፒውተር አይጀምርም። ጂፒኤስ ይዞ በየመንገዱ መሄድ፣ ክዳን ከፍቶ ጥልቀት መለካት፣ ቱቦው ወዴት እንደሚሄድ መመዝገብ ይቀድማል። ያም ሥራ አንጋፋውን ፎርማን ይፈልጋል። ጡረታው ሳይደርስ ከወጣቶቹ ጋር መንገድ ለመንገድ ቢሄድ፣ የትኛውም ኮምፒውተር የሌለውን ነገር ያስረክባቸዋል። መንገድ ሲታደስ አስፋልት የዋጣቸው ማንሆሎች አሉና። መሬቱ ልሙጥ ነው፣ ምልክት የለውም። ወጣቱ «ጋሼ፣ እዚህ ምንም የለም» ይላል፤ ፎርማኑ ግን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «እዚህ ጋ ምልክት አድርግ» ይለዋል።