ያውቁ ኖሯል? የደራሲው እጅ ያረፈባቸው መጻሕፍት

ያውቁ ኖሯል? ሰብሳቢዎች ፊርማ ብቻ ያለበትን የመጀመሪያ እትምና ደራሲው ተቀባዩን በስም ጠርቶ መታሰቢያ የጻፈበትን በአንድ ዓይን አያዩአቸውም። ተቀባዩ የማይታወቅ ሰው ከሆነ ብዙ ገዢዎች ባለ ፊርማውን ይመርጣሉ። የደራሲው ወዳጅ፣ መምህር ወይም ተቀናቃኝ ከሆነ ግን ዋጋው ብዙ እጥፍ ይንራል።

ከእንዲህ ያሉ መታሰቢያዎች ሁሉ እኔ የምወደው የስኮት ፊትዝጄራልድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 «ታላቁ ጋትስቢ» በታተመ በወራት ውስጥ አንድ ቅጂ ለቲ. ኤስ. ኤሊየት ላከ፤ በመታሰቢያውም ላይ በሕይወት ካሉ ባለቅኔዎች የሚበልጠው የለም ብሎ አወደሰው። ኤሊየት በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን መልስ ጻፈለት፤ ልብ ወለዱን ሦስት ጊዜ እንዳነበበውም ነገረው። መጽሐፉ ገበያ ላይ እንደታሰበው አልሄደም ነበርና ደብዳቤው ለፊትዝጄራልድ ምን ያህል እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

የዚሁ መጽሐፍ የመጀመሪያ ኅትመት የሚለየው በስሕተቶቹ ነው። ገጽ 205 ላይ የታወቀ ግድፈት አለ። በወረቀት ጃኬቱ ጀርባ ደግሞ የጋትስቢ የመጀመሪያ ስም በትንሹ ፊደል ታትሞ ኋላ በእጅ ታርሟል። ጃኬቱ የጠፋበት ቅጂ ጃኬት ካለው ጋር በዋጋ አይገናኝም።

የመጀመሪያው «ሃሪ ፖተር» እ.ኤ.አ. በ1997 በጠንካራ ሽፋን የታተመው በ500 ቅጂ ብቻ ነበር፤ አብዛኛውም ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ገጽ 53 ላይ በተማሪዎቹ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ የአስማት ዘንጉ ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመውን «የዝርያዎች አመጣጥ» ለወዳጆቹ ሲያበረክት መታሰቢያውን የጻፉት የአሳታሚው ጸሐፊዎች ናቸው። ስለዚህ በዳርዊን በራሱ እጅ ተጽፎበታል የሚባል የመጀመሪያ እትም ቢቀርብልዎ አስቀድመው ይጠርጥሩ።

ሳሙኤል ጆንሰን ስለ አቢሲኒያው ልዑል ስለ ራሴላስ የጻፈው ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1759 ለንደን ላይ ሲወጣ በርዕስ ገጹ ላይ የደራሲውም ሆነ የራሴላስ ስም አልነበረም።

ሐሰተኛ የመጀመሪያ እትምስ? ቶማስ ዋይዝ በዘመኑ እጅግ የተከበረ እንግሊዛዊ ሰብሳቢ ነበር። የኤልሳቤጥ ባሬት ብራውኒንግን ግጥሞች እ.ኤ.አ. በ1847 የታተሙ አስመስሎ በምስጢር አሳትሟል፤ ሌሎች ብዙ ጥራዞችንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1934 ጆን ካርተርና ግሬሃም ፖላርድ የተባሉ ሁለት ወጣት የመጽሐፍ ነጋዴዎች አጋለጡት። ያጋለጡትም ወረቀቱን አስመርምረው ነው፤ በአንዳንዶቹ ጥራዞች ውስጥ በኬሚካል የተብላላ እንጨት ተገኘ፤ ይህ ደግሞ እስከ 1870ዎቹ ድረስ ለእንግሊዝ ወረቀት ሥራ አልዋለም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የቦብ ዲለን መጽሐፍ 900 ቅጂዎች «በእጁ የተፈረመ» ተብለው እያንዳንዳቸው በ599 ዶላር ተሸጡ። ገዢዎች ፊርማዎቹን ጎን ለጎን ሲያስተያዩ ማሽን የፈረማቸው ሆነው ተገኙ። አሳታሚው ገንዘቡን መለሰ፤ ዲለንም ይቅርታ ጠየቀ።

በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳተመ። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ እሱም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። በመካከሉ አንድ ዓመት እንኳ ስላልሞላ፣ በእሱ እጅ መታሰቢያ የተጻፈበት «ኦሮማይ» ሊኖር የሚችለው ከእነዚያ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ቤትዎ እንዲህ ያለ ቅጂ ካለ እባክዎ ገጹን አይገንጥሉ፤ ስሙንም አይሰርዙ።

ደራሲዎቹ ፖል ትሩና ቪ. ኤስ. ናይፖል የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1966 ካምፓላ ውስጥ ነው። ከሠላሳ ዓመት ወዳጅነት በኋላ ትሩ ለናይፖል መታሰቢያ ጽፎ የሰጠውን የራሱን መጽሐፍ በአንድ ነጋዴ የሽያጭ ዝርዝር ላይ አየው። እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ወዳጅነታቸውና ስለ መለያየታቸው አንድ ሙሉ መጽሐፍ አወጣ፤ ሁለቱ የታረቁትም በ2011 ነው።