ካምቢዮና ዲፈረንሻል አንድ ዘይት አይጠጡም

ከሱሉልታ፣ ከቡራዩና ከሰበታ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ሚኒባሶች፣ ፒክአፖችና አይሱዙዎች ባለቤቶች በሞተር ዘይት ቀልድ አያውቁም። በስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሚቀየር ረዳቱ ሳይቀር ያውቃል። ከሞተሩ ኋላ ያሉት ሁለት ቤቶች፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ፣ ይህን ያህል ክትትል አይደርሳቸውም። "ባለ 90 ጨምርበት" ይባላል፤ ከአንድ በርሜል ለሁለቱም ይቀዳል። መኪናው በማግስቱ ምንም ሳይል ስለሚሄድ ስህተት መኖሩ አይታወቅም። ወራት ቆይቶ ሁለተኛ ማርሽ እየተፋጨ መግባት ሲጀምር፣ ወይም መኪናው በጠባብ መታጠፊያ ላይ ከኋላ እየተንቀጠቀጠ ሲያጉረመርም፣ ነገሩ በሹፌሩ እጅ ወይም በመለዋወጫው ጥራት ይሳበባል። ዘይቱን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

የዘይት ሥራው ማንሸራተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ወፍራሙን ገዝቶ መሙላት በበቃ ነበር። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ግን መንሸራተት ያለበትም፣ መያዝ ያለበትም ክፍል አለ። የምርጫው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሦስት ክፍል፣ ሦስት ፍላጎት

በማንዋል ካምቢዮ ውስጥ የወደፊት ማርሾች ጥርሶች ሁልጊዜ እንደተገጣጠሙ ይዞራሉ። ሹፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ሲቀይር የሚሆነው፣ ከእነዚህ አንዱን ከዘንጉ ጋር ማሰር ነው። ዘንጉና ማርሹ በተለያየ ፍጥነት ስለሚዞሩ በመካከላቸው ሲንክሮናይዘር የሚባል፣ ብዙ ጊዜ ከናስ የተሠራ ቀለበት አለ። ቀለበቱ በማርሹ ሾጣጣ አንገት ላይ ተጭኖ በሰበቃ ፍጥነታቸውን ያስተካክላል፤ ከዚያ ማርሹ ያለ ድምፅ ይገባል። እንግዲህ ይህ ቀለበት ለቅጽበት አጥብቆ መያዝ አለበት ማለት ነው። በውስጡ የተቀረጹት ቀጫጭን መስመሮች ዘይቱን ቆርጠው የሚያስወጡት ለዚሁ ነው። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲወፍር ወይም ከልክ በላይ ሲያንሸራትት ቀለበቱ ይስታል፤ ማርሹም ይፋጫል።

ዲፈረንሻል ውስጥ ፍላጎቱ ይገለበጣል። ከካምቢዮ በሚመጣው ዘንግ የሚዞረው ትንሹ ፒኞን ትልቁን ኮሮና ያዞራል። በአብዛኞቹ በኋላ ጎማ በሚነዱ መኪኖች ፒኞኑ ከኮሮናው መሐል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ይህ አሠራር ሃይፖይድ ይባላል። በቤት መኪና ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1926 በአሜሪካው ፓካርድ ነው። ዘንጉ ዝቅ በማለቱ የመኪናው ወለል ዝቅ አለ፣ የጥርሶቹም ጩኸት ቀነሰ። ዕዳው ግን ጥርሶቹ እየተንከባለሉ ሳለ ወደ ጎንም መፋተጋቸው ነው። ጭነት ሲከብድ በመካከላቸው ያለው የዘይት ሽፋን ይበጠስና ብረት ከብረት ይገናኛል። ያን ጊዜ የሚያድነው ዘይቱ ውስጥ ያለው የድኝና የፎስፈረስ ውህድ ነው። በሙቀቱ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ስስ ንጣፍ ይሠራል፤ በጥርሱ ፋንታ ንጣፉ ይፋቃል።

ሦስተኛው ክፍል ሁሉም መኪና ላይ አይገኝም። ተራ ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ በባዶ ሲሽከረከር ሌላውን አቁሞ ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፈርዲናንድ ፖርሸ የአውቶ ዩኒየን የውድድር መኪናዎች ጎማ በባዶ መሽከርከሩ ሲያስቸግረው መላ እንዲፈልግለት የጠየቀው የጀርመኑን ዜድኤፍ ኩባንያ ነበር። ከዚያ ሥራ የተወለደው ሊሚትድ ስሊፕ ወይም ኤልኤስዲ የሚባለው ዲፈረንሻል ነው። በብዛት የሚታየው ዓይነት በግራና በቀኝ ተደራራቢ የሰበቃ ሳህኖች አሉት። አንዱ ጎማ ሲያመልጥ ሳህኖቹ ያዝ አድርገው ለሌላው ጉልበት ያደርሳሉ። መኪናው ሲታጠፍ ደግሞ ቀስ ብለው መንሸራተት አለባቸው፤ የውጭው ጎማ ከውስጡ ይልቅ ረጅም መንገድ ይሄዳልና። ለዚህ የሚያገለግለው ሰበቃውን የሚያለዝብ ልዩ ተጨማሪ ነው። ዘይቱ ይህ ከሌለው ሳህኖቹ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እየያዙ ይለቃሉ፤ ተሳፋሪው መታጠፊያ ላይ ከኋላ የሚሰማው ንቅጥቃጤ ይኸው ነው። እንዲህ እየተነዳ ከቆየ ሳህኖቹ ያልቃሉ፣ ኤልኤስዲውም ተራ ዲፈረንሻል ሆኖ ይቀራል።

ጣሳው ላይ የተጻፈው

የማርሽ ዘይት ጣሳ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ውፍረት ነው፦ 75ደብሊው-90፣ 80ደብሊው-90፣ 85ደብሊው-140 የሚለው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር የብርድ ነው። 75ደብሊው ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ፣ 80ደብሊው በ26፣ 85ደብሊው በ12 ዲግሪ ተፈትነው ከተወሰነ ልክ በላይ እንዳልረጉ የተረጋገጠላቸው ናቸው። የኋለኛው ቁጥር በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውፍረት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባለ 90 የማርሽ ዘይት ከባለ 40 የሞተር ዘይት በእጥፍ ይወፍራል ብሎ ማሰቡ ነው። ሁለቱ በተለያየ መለኪያ የተሰፈሩ ናቸው። በ100 ዲግሪ የባለ 90 የማርሽ ዘይት ውፍረት ከ13.5 እስከ 18.5 ሲሆን፣ የባለ 40 የሞተር ዘይት ከ12.5 እስከ 16.3 ነው። ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛውና ወሳኙ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚለው የአሜሪካ ነዳጅ ኢንስቲትዩት ደረጃ ነው። ጂኤል-5 ለሃይፖይድ የተሠራ ነው፤ የድኝና የፎስፈረስ ውህዱ ከጂኤል-4 በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ቁጥሩ ከፍ ስላለ ለሁሉም የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ዲፈረንሻሉን የሚያድነው ብርቱ ውህድ በካምቢዮ ውስጥ የናሱን ቀለበት ሊበላው ይችላል፤ አንሸራታችነቱም ሲንክሮናይዘሩ እንዲስት ያደርጋል። እርግጥ ነው፣ ዛሬ ለናስ የማይከፉ የጂኤል-5 ዘይቶች አሉ፤ የአንዳንድ ቶዮታ ካምቢዮዎች መመሪያም ሁለቱንም ደረጃ ይፈቅዳል። መመሪያው ጂኤል-4 ብቻ ካለ ግን መሻሻል ፍለጋ ከዚያ አያልፉም።

እንደ ቪትዝ ያሉ በፊት ጎማ የሚነዱ መኪኖች ላይ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ዲፈረንሻላቸው ሃይፖይድ ስላልሆነ በማንዋሎቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጂኤል-4 ለሁለቱም ይበቃል። ሲኖትራኮች ደግሞ በማብሪያ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል አላቸው። እሱ ጥርስ ለጥርስ የሚያያዝ መቆለፊያ እንጂ ሳህን የለውም፤ የኤልኤስዲ ተጨማሪም አይፈልግም። የሚፈልገው ሹፌሩ ከጭቃው እንደወጣ መልቀቁን ነው።

ሦስቱ መንገዶች

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሦስቱ ከተሞች ለማርሽ ዘይት ያላቸው ጠባይ አንድ አይደለም። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ይህ ብርድ 80ደብሊውንም 85ደብሊውንም የሚያረጋ አይደለም፤ ካምቢዮ ውስጥ 140 የሞላ ሰው ግን ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ እንቢ ሲለው ያየዋል። ጩኸት የሚያበዛ ካምቢዮ ላይ ወፍራም ዘይት መሙላት ድምፁን ያፍነዋል፤ ያለቀውን ኩሽኔታ አይጠግነውም፤ ሲንክሮናይዘሩን ደግሞ ያደክመዋል። ቀን ላይ እንጦጦን መውጣት አለ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ሹፌሩ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ብዙ ይቆያል፤ ሸክሙም ወደ ካምቢዮው ይዛወራል። ያው መኪና ወደ ጎጃም ሲዘልቅ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ደጀን ላይ መልሶ ይወጣል። ውርጭና በረሃ በአንድ ቀን ለሚያይ ካምቢዮ 75ደብሊው-90 የሚመረጠው ለዚህ ነው።

በቡራዩ በኩል አሸዋ፣ ድንጋይና የሙገር ሲሚንቶ ይመጣል። እዚህ ዋናው ጉዳይ ክብደት ነው፤ የሚፈተነውም ዲፈረንሻሉ ነው። መመሪያው ከፈቀደ ሁልጊዜ ጭነት ለሚሸከም የኋላ ዲፈረንሻል 85ደብሊው-140 ትርጉም ያለው እዚህ ነው። ሰበታ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ቆም ሄድ ይበዛል፤ በጅማ መንገድ ለሚቀጥለውም ከወልቂጤ በኋላ የግቤ ቁልቁለት ይጠብቀዋል።

ክረምት ሲመጣ ሦስቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ውሃ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ከአስፋልት የወጣው መንገድ ሁሉ ጭቃ ነው። ሲሠራ የዋለ ትኩስ ዲፈረንሻል ጎርፍ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል። ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፤ መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ወይም ውሃ ውስጥ ከሰመጠ ቤቱ በመተንፈሻው ወይም ባረጀ ሲል (የዘይት ማገጃ ጎማ) በኩል ውሃ ይስባል። ቡሎኑ ሲፈታ የሚወርደው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ኪሎ ሜትሩ ሳይቆጠር በዚያው ቀን ይቀየራል።

ሲቀየር የሚታየው

መኪናው ለጥ ያለ ቦታ ላይ ይቁም፣ ዘይቱም ሞቅ ይበል። መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው፣ የመሙያው ቡሎን ነው። የታችኛውን አፍስሶ የላይኛው ዝጎ እንቢ ቢል መኪናው ያለ ዘይት እዚያው ይቀራልና። ከታችኛው ቡሎን ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ማግኔት አለ። የያዘው ለስላሳ ግራጫ ልቁጥ ከሆነ የተለመደ ፍትጊያ ነው። በጥፍር የሚነሳ ስባሪ ከተገኘ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተነክቷል። ማግኔት የማይስበው ቢጫ ብልጭታ ካምቢዮው ዘይት ውስጥ ከታየ የሲንክሮናይዘሩ ናስ ነው። አዲሱ ዘይት በመሙያው ቀዳዳ ከንፈር እስኪደርስ ይሞላል።

ኤልኤስዲ መኖሩን ለማወቅ በዲፈረንሻሉ ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ወይም የመኪናውን የአክስል ኮድ ማየት ይቀድማል። ማስጠንቀቂያውም ኮዱም ከሌለ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በክሪክ ተነስተው ሸክሙ በማይናወጥ ድጋፍ ላይ ይቀመጣል፤ የፊት ጎማዎች ታኮ ይደረግባቸዋል፤ ማርሹ ፍሪ ይሆናል። አንዱ ጎማ በእጅ ሲዞር ሌላው በተቃራኒው ከዞረ ተራ ነው፤ አብሮት በአንድ አቅጣጫ ከዞረ ኤልኤስዲ ነው። ሳህኑ ያለቀበት ኤልኤስዲ ግን እንደ ተራው ስለሚዞር ፈተናው ሁልጊዜ አይታመንም።

ከሌላ እጅ የተገዛ፣ መመሪያውም ጽሑፉም የጠፋ መኪና በእነዚህ ከተሞች ብርቅ አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ባለቤት የሁለቱ ስህተቶች ዋጋ እኩል አለመሆኑ ይጠቅመዋል። የኤልኤስዲ ዘይት ተራ ዲፈረንሻል ውስጥ ቢገባ ጉዳት የለውም፤ ተራው ኤልኤስዲ ውስጥ ቢገባ ግን ሳህኑን ይበላል። ጂኤል-4 ሃይፖይድ የሌለበትን ካምቢዮ በደንብ ያኖራል፤ ሃይፖይድ ዲፈረንሻል ውስጥ ከገባ ግን ጥርሱን ያስጨርሳል። ስለዚህ ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ለማንዋል ካምቢዮው ጂኤል-4፣ ለኋላው ኤልኤስዲ የተጻፈበት ጂኤል-5 ይግዛ። ከበርሜል የሚቀዳለትም ጆጉ ከመሞላቱ በፊት በርሜሉን አዙሮ የተጻፈበትን ያንብብ፤ ምንም ያልተጻፈበት ከሆነ ወደ ሌላ ሱቅ ይሂድ።