የአብጃታ ሻላ ግራር ጠፍ መሬት ነው?

ከአዳማ በሞጆና በባቱ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ ቡልቡላን አልፎ የአብጃታ ሻላን የግራር ሜዳ ሲያይ «ይህ ሁሉ መሬት ጠፍ ሆኖ ይቀመጣል?» ማለት ይቀናዋል። መነሻ የለውም አይባልም። በበጋ ሣሩ ያልቃል፣ አፈሩ አመድ መስሎ ይቦናል፣ አንበሳ አያለሁ ብሎ የመጣም ጥቂት ሜዳ ፍየልና ሰጎን አይቶ ይመለሳል። ጥፋቱ የሚጀምረው ይህ አባባል እንደ እውነት ሲያዝ ነው። ጠፍ ለተባለ መሬት ማን ይሟገትለታል? ግራሩ በማዳበሪያ ታጭቆ በከሰልነት ይሸጣል፣ ሜዳው የአሸዋ ማውጫ ይሆናል። ይህን አባባል የሚደግሙት ካርታ ማንበብ የሚችሉ የተማሩ ሰዎች መሆናቸው ደግሞ ያናድዳል። በ1960ዎቹ የተቋቋመው የ887 ስኩዌር ኪሎ ሜትሩ ፓርክ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ የተከለለውም በዋናነት ለውሃ ወፎች እንጂ ለአንበሳ አይደለም።

የዚያ አገር አፈር የእሳተ ገሞራ አመድ ስለሆነ ልል ነው፤ ሥር ካልያዘው ነፋስና ጎርፍ ይወስደዋል። ግራር ከሥሩ ጋር በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት የአየሩን ናይትሮጂን ለአፈሩ ይመግባል። ጥምዝምዝ ፍሬው የሚረግፈው ሣር በጠፋበት ወቅት ነውና ፍየሎች ከሥሩ እየለቀሙ በጋውን ይሻገራሉ። ይህን የሚያውቅ አርብቶ አደር መሬቱን ጠፍ አይለውም።

ውሃውም ከዚሁ ፍርድ አላመለጠም። መውጫ የሌለው አብጃታ «ለማንም የማይጠቅም ጨዋማ ሐይቅ» ተብሎ፣ ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ የሚወርድለት ውሃ ለመስኖ፣ የራሱም ውሃ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ተሳበ። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨው በረታበት፣ ዓሣው ጠፋ። በሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ጎጆ ሠርተው ከአብጃታ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን አጡ። የመተሐራው በሰቃ ሐይቅ መስፋፋትም ስምጥ ሸለቆ ውሃ እንደተረፈው አያሳይም፤ ያ ውሃ ጨዋማ ነው፣ መንገድና የባቡር ሐዲድ አጥለቀለቀ እንጂ ጥም አልቆረጠም።

«የአካባቢው ሰው ታዲያ ምን ይብላ?» የሚለው ጥያቄ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከሰል የሚያከስለው ገበሬ ሌላ ገቢ ካላገኘ ጥበቃ ብቻውን አያስቆመውም፤ ገዢውም የከተማ ሰው ነው። «ግራር እንደሆነ ተቆርጦ ያቆጠቁጣል» የሚለው ማስተባበያ ግን አያስኬድም፤ ጉቶው ለከሰል ከተነቀለ የሚያቆጠቁጥ ነገር የለም፣ የተረፈውንም ቀንበጥ ከብት ይግጠዋል። ጉቶው በቦታው ቀርቶ መሬቱ ለጥቂት ዓመታት ከግጦሽ ከተከለለ፣ ፍየሎች በበጠጣቸው የበተኑት ዘርም ጭምር ይበቅላል።