ያውቁ ኖሯል? የማስረዳት ሸክሙ የአሠሪው ነው

በአካል ጉዳትዎ ምክንያት ሥራ ተከልክለው ፍርድ ቤት ቢሄዱ፣ መድልዎ መፈጸሙን የማስረዳት ሸክም በእርስዎ ላይ አይወድቅም። አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ይህን የደነገገው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው።

● አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለአካል ጉዳተኛው ሠራተኛ ምቹ ማድረግ፣ ሲያስፈልግም ረዳት መመደብ አለበት።

● ክሱን የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ወይም የሠራተኛ ማኅበርም ሊያቀርብ ይችላል።

● በጀርመን 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ 5 በመቶውን የሥራ ቦታ ከባድ የአካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች ይሰጣል፤ ካላሟላ ክፍያ ይከፍላል። የኢትዮጵያው አዋጅ ግን እንዲህ ያለ ኮታ አላስቀመጠም።

መብትዎን ሲጠይቁ የአዋጁን ቁጥር ይጥቀሱ።