ለትርፍ ሰዓት ሥራ ሲዲኤል ከማውጣትዎ በፊት ሰዓትዎን ይቁጠሩ

እዚህ አሜሪካ ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አውጥተው፣ ዋና ሥራቸውን ሳይለቁ ቅዳሜና እሁድ ትራክ ለመንዳት የሚያስቡ ወገኖች ብዙ ናቸው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ስሌቱ ግን መጀመር ያለበት ከፌዴራሉ የሥራ ሰዓት ሕግ ነው። ዕቃ የሚጭን ሾፌር 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ባሉት 14 ሰዓታት ውስጥ መንዳት የሚችለው 11 ሰዓት ነው። እንደ ድርጅቱ አሠራር፣ በ7 ቀን 60 ወይም በ8 ቀን 70 ሰዓት ከሠራ ደግሞ መንዳት አይፈቀድለትም። ብዙዎች የሚስቱት፣ በመጋዘንም ሆነ በፓርኪንግ ለሌላ ቀጣሪ በክፍያ የሠሩት ሰዓት እዚሁ ውስጥ መቆጠሩን ነው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው በ60ው ስሌት ለትራኩ የሚተርፈው 20 ሰዓት ብቻ ነው፤ መኪና መፈተሹና ጭነት መጠበቁም ከዚያው ላይ ይቀነሳል።

ስለዚህ ለትርፍ ሰዓት ሥራ ክላስ ቢ (ከባድ ተጎታች የሌለውን ትልቅ መኪና የሚያስነዳው ሲዲኤል)፣ ከተሳፋሪና ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ተጨማሪ ፈቃድ ጋር፣ ይሻላል ባይ ነኝ። የተማሪ ሰርቪስ በተፈጥሮው ጠዋትና ከሰዓት የተከፈለ አጭር ሥራ ነው። «ከባድ ተጎታች ያለውን ትራክ የሚያስነዳው ክላስ ኤ የክላስ ቢውንም መኪና ያስነዳል» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ኢንሹራንስ የሚጠይቀው ልምድ በቅዳሜና እሁድ ብቻ ቶሎ አይገኝም። ክላስ ኤ የሚያዋጣው ውሎ አድሮ ሙሉ ጊዜ ለመግባት ለቆረጠ ነው። ከየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለሁለቱም ሥልጠና ግዴታ ስለሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ትምህርት ቤቱ በፌዴራሉ የአሠልጣኞች መዝገብ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ።