ስንት ሰው ተፈናቀለ? ቻጎስና ሞንሴራት ሲነጻጸሩ

“ስንት ሰው ተፈናቀለ?” የሚለው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ቆጥሮ መናገር ነው፣ አለቀ። ሁለት ትንንሽ የደሴት ግዛቶችን ጎን ለጎን ስናይ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ እንደማያልቅ እንረዳለን። ለዚህ ጽሑፍ የመረጥናቸው በህንድ ውቅያኖስ የሚገኘው ቻጎስና በካሪቢያን የሚገኘው ሞንሴራት ናቸው። ሕዝባቸው ሲፈናቀል ሁለቱም በእንግሊዝ ሥር ስለነበሩ ለንጽጽር ይመቻሉ። (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከቻጎስ እንጀምር። እንግሊዝ በ1965 ደሴቶቹን ከሞሪሽየስ ነጥላ ለብቻቸው ግዛት አደረገቻቸው። ምክንያቱም አሜሪካ ዲያጎ ጋርሺያ በምትባለው ትልቋ ደሴት ላይ የጦር ሰፈር ለማቋቋም ትፈልግ ነበር። ከ1968 እስከ 1973 ድረስ ነዋሪው በሙሉ ወደ ሞሪሽየስና ወደ ሲሼልስ እንዲወጣ ተደረገ። ቁጥሩ ከ1,500 እስከ 2,000 ይገመታል።

ሞንሴራትን ያፈናቀለው ደግሞ እሳተ ገሞራ ነው። 102 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በምትሰፋው በዚህች ደሴት ሱፍሪየር ሂልስ የተባለው ተራራ በጁላይ 1995 መፈንዳት ጀመረ። በጁን 1997 የጋለ ጋዝና አመድ 19 ሰዎችን ገደለ። ዋና ከተማዋ ፕሊማውዝ በአመድ ተቀበረች፣ የደቡቡም ክፍል ተዘጋ። ከ10,000 በላይ ከነበረው ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ አገሩን ለቆ ወደ አንቲጓ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ ሌላም ቦታ ሄደ። የቀረው ወደ ሰሜን ተጠጋ።

ታዲያ የትኛው ይበልጣል? በቁጥር ከሄድን ሞንሴራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን “ከስንቱ ስንት?” ብለን ብንጠይቅ መልሱ ይገለበጣል። ከሞንሴራት ሦስት ሰው ሁለቱ ሄደ፣ ከቻጎስ ግን አንድም ሰው አልቀረም።

ሁለተኛው ጥያቄ “ማን ነው የቆጠረው?” የሚል ነው። የቻጎስ ሰዎች ቅድመ አያቶቻቸው ለኮኮናት እርሻ በባርነት ከመጡበት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ኖረዋል። የጊዜው የእንግሊዝ ባለሥልጣናት ግን ቋሚ ነዋሪ ሳይሆኑ የኮንትራት ሠራተኞች ናቸው አሉ። ነዋሪ ከሌለ ተፈናቃይም የለም ማለት ነው! በወረቀት ላይ ቁጥሩ ዜሮ ሊሆን ምንም አልቀረው። በተጨማሪም ለሕክምና ወይም ለዘመድ ጥየቃ ሞሪሽየስ ሄደው መመለስ የተከለከሉ ሰዎች አሉ። እነሱን መቁጠርና አለመቁጠር ድምሩን ይለውጠዋል።

በሞንሴራትም የስያሜ ጣጣ አለ። ከእሳተ ገሞራ የሸሸ ሰው በ1951ዱ የስደተኞች ኮንቬንሽን ትርጉም ስደተኛ አይባልም። ወደ ሰሜን የሸሸው በ1998ቱ የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ መርሆዎች የአገር ውስጥ ተፈናቃይ ሊባል ይችላል። አንቲጓ የገባው ወንድሙስ? እሱ ከሁለቱም መዝገብ ሊወጣ ነው። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ተራራ፣ ሁለት ዓይነት ቆጠራ።

ሦስተኛው ጥያቄ መመለስን ይመለከታል። የሞንሴራት ተወላጅ ፕሊማውዝ ባይገባም በሰሜኑ ክፍል ሊኖር ይችላል። ለቻጎስ ሰዎች ግን ጉዳዩ የፍርድ ቤት ክርክር ሆነ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2019 በሰጠው የምክር አስተያየት እንግሊዝ የቻጎስን አስተዳደር በተቻለ ፍጥነት ማብቃት አለባት አለ። እንግሊዝና ሞሪሽየስ በሜይ 2025 የተፈራረሙት ውል ሞሪሽየስ በሌሎቹ ደሴቶች ሰው እንድታሰፍር ይፈቅዳል፤ ዲያጎ ጋርሺያን ግን አይጨምርም።

ለማጠቃለል ያህል፣ የመፈናቀል አኃዝ ስናነብ ድምሩን ብቻ ይዘን መሄድ የለብንም። ከስንት? ማን ቆጠረ? መመለስስ ይችላሉ? ብለን እንጠይቅ። በተለይ ያፈናቀለውና የቆጠረው አንድ አካል ከሆነ ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ ጉዳቱ ትንሽ ነው ማለት አይደለም።