የቤት ኢንተርኔት ሲቋረጥ ተጠያቂው ፕሮግራሙ ብቻ ነውን?

ዛሬ ከራቤል እስከ ሪያድ ያለው የቤተሰብ ወሬ በኢንተርኔት ሆኗል። ከግሼና ከመንዝ ደጋ ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ፣ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የላኩ ወላጆች ድምፅ ከመስማት አልፈው መልክ ማየት ለምደዋል። ታዲያ ምስሉ ቀጥ ብሎ ድምፁ ሲቆራረጥ የእናት ልብ ይሰቀላል። ጥፋቱ ግን ከሁለቱ ቤቶች በአንደኛው ግድግዳ ላይ የላላ ሽቦ ሊሆን ይችላል።

እንደ ራቤል ባሉ የወረዳ ከተሞች ብዙው ሰው ኢንተርኔትን የሚያውቀው በሞባይል ነው። እኛ እዚህ የምንመለከተው በስልክ ሽቦ የሚመጣውንና ዲኤስኤል የሚባለውን ነው። ፋይበር እየተካው ቢሄድም የደጋው ልጆች ተሰባስበው በሚኖሩባቸው የአዲስ አበባ ቤቶች ዛሬም ያጋጥማል።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንተርኔት ስትጀምር ኮምፒውተሩ እንደ ሰው ስልክ ይደውል ስለነበር፣ አንዱ ኢንተርኔት ሲይዝ ሌላው መነጋገር አይችልም ነበር። ዲኤስኤል ከዚህ ገላገለን። የሰው ድምፅ በሽቦው ላይ እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን ሲጠቀም ኢንተርኔቱ ከ25 ኪሎኸርዝ በላይ ይሄዳል። ሁለቱን የምትለያቸው ስፕሊተር የምትባለው ትንሽ ሳጥን ናት። እርሷን ሳያስገቡ ስልኩን በቀጥታ የሰካ ቤተሰብ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ኢንተርኔቱ ቢጠፋበት ሊገረም አይገባም።

ለመሆኑ የትኛው የማገናኛ ፕሮግራም ይመረጥ? ሞደሙ መስመሩን ካገኘ በኋላ የደንበኛው ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ይህን የሚያካሂደው ሥርዓት ፒፒፒኦኢ ይባላል፤ ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ 98 ይህን ስለማያውቅ ዊንፖኤትን ወይም ራስፒፒፒኦኢን የመሰለ ፕሮግራም መጫን ግድ ነበር። ከ2001ዱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ወዲህ ግን ማገናኛው ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ምንም አይጫን! ከሁሉ የሚሻለው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሞደሙ ውስጥ ማስገባት ነው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ በዋይፋይ ይሠራል። አንዴ ሞደሙ ውስጥ ከገባ ግን ኮምፒውተሩ ላይ አይደገም፤ ብዙ አቅራቢዎች አንድን ስም በሁለት ቦታ አያስተናግዱም።

ወጣቶቻችን በፍላሽ የሚቀባበሉት "ኢንተርኔት አፍጣኝ" ፕሮግራምስ? ፍጥነቱን የሚወስኑት የተከፈለበት ጥቅልና ሽቦው ናቸው። ከቴሌ ጣቢያው እየራቀ የሄደ ሽቦ ይደክማል፤ 5 ኪሎሜትር አካባቢ ሲደርስ ጭራሹን ተስፋ ያስቆርጣል። ይህን የሚያሳጥር ፕሮግራም የለም፤ ቫይረስ ይዞ የሚገባ ግን ሞልቷል።

ሲቋረጥ በመጀመሪያ የሚታየው የሞደሙ መብራት ነው። ዲኤስኤል የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ሞደሙ መስመር እየፈለገ ነው፤ ኮምፒውተሩን መነካካት ከንቱ ድካም ነው። ስልኩ ይነሣና ይደመጥ። የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ዝናብ የገባበት ወይም የዛገ መጋጠሚያ አለ። መብራቱ ቀጥ ብሎ በርቶ ኢንተርኔት ከሌለ ግን ነገሩ ወደ ስምና የይለፍ ቃል ይዞራል። ዊንዶውስ ራሱ የሚደውል ከሆነ 691 የሚል ቁጥር ስሙ ወይም ቃሉ ተቀባይነት አላገኘም ማለት ነው። በኤክስፒ 678፣ በኋለኞቹ ዊንዶውሶች 651 የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከወዲያኛው ወገን መልስ አለመምጣቱን ያመለክታል፤ ያኔ ወደ ሽቦውና ወደ ሞደሙ መመለስ ነው።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገርም አለ። አንዳንዱ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፒፒፒኦኢ ከ1500 ባይት ውስጥ 8ቱን ለራሱ ስለሚወስድ፣ ሞደሙ ላይ ኤምቲዩ የሚለው ቁጥር 1492 መሆኑ ይታይ።

ከሞደሙ ጀርባ በመርፌ የምትነካ ቀዳዳ አለች። ልጆች "ሪሴት እናድርገው" ብለው ሲጫኗት የተሞላው ስምና ቃል ሁሉ ይጠፋል። አጥፍቶ ማብራት ሌላ፣ ሪሴት ሌላ መሆኑን አስረዷቸው። ውል ሲገቡ የተሰጠችው ወረቀትም ከቤቱ ሰነዶች ጋር ትቀመጥ።

በክረምት ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት የመብራቱን ብቻ ሳይሆን የስልኩንም ሽቦ ከሞደሙ መንቀል ያስፈልጋል። መብረቅ በመዳቡ በኩልም ይገባልና፣ ሶኬቱን ብቻ ነቅሎ የተኛ ሰው ጠዋት የተቃጠለ ሞደም ሊያገኝ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሠራ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደወላል። "ኢንተርኔት እምቢ አለኝ" ከማለት ይልቅ "የዲኤስኤሉ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ስልኩም ይንኮሻኮሻል" ብሎ መንገር ሠራተኛው ከየት እንደሚጀምር ያሳየዋል።